የነጭ ዓሣዋ ወገብ

ወገቡን የማያመው ሰው ካለ እስኪ እጁን ያውጣ። እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ይኸን የምለው ደግሞ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም፤ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ክሊኒክ፣ ራጅ በማንሣት እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንሁ ነው። ሥራዬን ያወቀ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ወገቡ ይገባል። ሰርግ ላይ ይነግሩኛል፤ ባጃጅ ውስጥ ይነግሩኛል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «ልክ እዚህ ጋ፣ ከቀበቶዬ ከፍ ብሎ» ይለኛል። ሟቹን ረስተን ስለ ወገብ ስንጫወት አስከሬኑ ይወጣል። እግዜር ይቅር ይበለን።

በእርግጥ አይፈረድብንም። ክፉውንም ደጉንም የምንጭነው ወገብ ላይ ነው። ሐዘን ወገብ ይቆርጣል፤ ኑሮ ወገብ ያጎብጣል፤ ቆርጦ የተነሣ ሰውም ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ይታጠቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ወገቡን ሲያመው የኖረ ሰው፣ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጌ አጥንቱን ሳሳየው፣ «ለካ እውነትም ያመኛል!» ብሎ እፎይ ይላል። ዐሥር ዓመት የጮኸበትን የገዛ ወገቡን አላመነውም ነበር ማለት ነው። የራሱን ሕመም ያላመነ ሰው የሌላውን እንዴት ብሎ ያምናል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ወረቀት ካላየ ሞኙም አያምንም፣ ብልጡም አያምንም።

ይኸን ሁሉ የዘበዘብሁት ወገቡ ተሰብሮ አፍ አውጥቶ መናገር ስላልቻለ ስለ አንድ ፍጡር ላወራችሁ ብዬ ነው። አትሳቁብኝ እንጂ፣ ዓሣ ነው።

ሹም አቦ ሰፈር፣ ከምኖርበት ግቢ ፊት ለፊት እትዬ አንጓች የሚባሉ ሴት አሉ። ስማቸውን ለውጬዋለሁ፤ ለምን እንደለወጥሁት ወጉ ሲያልቅ ይገባችኋል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንዲት ሴት ልጃቸው ቆጋ በኩል ተድራ ስንዴና ድንች ታለማለች። እትዬ አንጓች ዕድሜያቸውን የፈጁት ሐይቁ ዳር ባለ የአንድ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ጀልባዎቹ ያመጡትን ዓሣ ቆዳውን ይገፍፋሉ፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ቢላዋቸው ሲሄድ አይቻለሁ። ከጭንቅላቱ ሥር ይገባና በአከርካሪው ላይ ተንሸራቶ በጅራቱ በኩል ሲወጣ፣ አጥንቱ ላይ የሚቀረው ሥጋ ለድመት ቁርስ አይበቃም። የቆርቆሮ ቤቱ ድመቶች እንኳ እሳቸው ከቆሙበት ጠረጴዛ ሥር አይቀመጡም። ትርፍ እንደሌለው ያውቃሉ።

እኚህ ሴት ታዲያ በጾም ዓሣ አይቀምሱም። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር በየቤታችሁ ያለ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም፤ ሊቃውንቱ ይፍቱት። እኔ በግሌ ይበላል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ በተለይ ምሳ ሰዓት ላይ። እሳቸው ግን እጃቸው ዓሣ ዓሣ ሲሸት እየዋለ፣ አፋቸው ሳይነካው ፍልሰታን ዳር ያደርሱታል።

ነገሩም የመጣው በፍልሰታ ነው። ነሐሴ እንደምታውቁት ወንዙ ሁሉ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ እያጓራ ወደ ጣና የሚገባበት ወር ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ዘር በዚህ ጊዜ ዕንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ተነሥቶ ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ሰው በየገዳሙ ሱባዔ ሲገባ ዓሣውም በየወንዙ ይገባል ማለት ነው። በዚህ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ ክልክል መሆኑን ዓሣ አጥማጁ ያውቃል፣ ነጋዴው ያውቃል፣ እኔም በላተኛው አውቃለሁ። ማወቅና መተው ግን በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ የማይለዋወጡ ጎረቤታሞች ናቸው።

ከማኅበሩ የሚገዛ አንድ ሆቴል ሥጋውን መለሰ። ሥጋው ደም ቋጥሯል፤ እዚህም እዚያም በልዟል፤ እንግዳ ሳህኑ ላይ ሲያየው ይጠየፋል አለ። በሳምንቱ እንደገና መለሰ። የማኅበሩ ኃላፊ የተመለሰውን ሥጋ ይዞ ከማን ጠረጴዛ ላይ እንደወጣ ሲያጣራ እትዬ አንጓች ዘንድ ደረሰ። ትልልቆቹን ነጭ ዓሦች ድሮም የሚሰጧቸው ለእሳቸው ነበር፤ እጃቸው የታመነ ስለሆነ። ደሙም የበዛው ትልልቆቹ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ እጅዎ እየደከመ መሰለኝ፤ ዓሣውን ሲይዙት ይጨፈልቁታል። እስከ ፍልሰታ ፍቺ እንየውና ካልተስተካከለ ለወጣቶቹ ቢለቁላቸው» አላቸው።

በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው፤ አልጮኸም፣ አልሰደበም። ፍርዱ ግን ያው ፍርድ ነው። ለእትዬ አንጓች ያ ጠረጴዛ እንጀራቸውን የሚያገኙበት ብቻ አልነበረም። ሰው የሚጠራቸው በእጃቸው ነበር። «እጀ ወርቋ» ይሏቸው ነበር እኮ። 

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሬን አንኳኩ። በግራ በቀኝ እጃቸው ሁለት ጥቁር ፌስታል ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ያ መኪናህ እሑድ ይሠራል?»

«የትኛው መኪና፣ እትዬ?»

«አጥንት የሚያየው።»

«ምነው፣ ወገብዎን አመመዎት?»

«እኔንማ ምን ይለኛል! ወገቧን ያመማት እሷ ናት» ብለው አንደኛውን ፌስታል ከፈቱልኝ። ውስጡ ክንድ የምታህል ነጭ ዓሣ ተጋድማለች።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ስማኝ ልጄ። ደሙ ቢላዋዬ ሳይነካት በፊት ያለ ነው። ጣቴን በጀርባዋ ሳሳልፈው እዚህ ጋ ጠለቅ ይልብኛል። ስብራት አለ። እጄ ነግሮኛል ብላቸው፣ እጅዎ አይደል እንዴ ያረጀው ይሉኛል። ያንተን ፎቶ ግን ያምናሉ» አሉ።

አሁን እናንተ ዳኙኝ። ክሊኒኩ እሑድ ከሰዓት ዝግ ነው፤ ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ነው። ሰው በሚጋደምበት ሠሌዳ ላይ ዓሣ ማጋደሜን ባለቤቱ ቢሰማ በማግስቱ ሥራ ፈት ነኝ። ይኸን ሁሉ አስቤ «አይቻልም» ልል አፌን ስከፍት የእትዬ አንጓችን ዓይን አየሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ምስክር አጥቶ ወደ እኔ መኪና መጣ። ጃኬቴን አንሥቼ ተከተልኋቸው።

መኪናው ደግሞ ደንበኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ፎርም ካልሞሉለት አይነቃነቅም። ስም ሲለኝ «ነጭ» ብዬ ጻፍሁ። የአባት ስም ሲለኝ «ጣና» አልሁ። ዕድሜ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ እትዬ አንጓችን አየሁ። «አራት አምስት ክረምት አይታለች» አሉ፣ እንደ አዋላጅ ያለ ጥርጥር። ጾታ? የዓሣዋን ሆድ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ጫን አሉት። ጥቃቅን ቢጫ ዕንቁላሎች ብቅ አሉ።

«ሴት ናት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልትወልድ ስትሄድ ነው የያዟት።»

እኛ ሴት ስትመጣ ራጅ ከማንሣታችን በፊት እርጉዝ መሆን አለመሆኗን እንጠይቃለን። ግድግዳው ላይም በትልቁ ተጽፏል። ጽሑፉን ቀና ብዬ አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ ሳቄ አልመጣም።

«ሁለተኛዋንስ ለምን አመጧት?» አልሁ።

«ይች በመረብ የተያዘች ናት። አንገቷ ላይ የክሩ ምልክት አለ፣ ታያለህ? ያች ግን ምንም ምልክት የለባትም። ጤነኛዋን ካላየህ የታመመችውን በምን ታውቃታለህ?»

እኔ ይኸን ነገር ኮሌጅ ገብቼ፣ ደብተር ሙሉ ጽፌ፣ ተፈትኜ ነው የተማርሁት። እሳቸው በሁለት ፌስታል ጨረሱት።

ፎቶው ወጣ። በመረብ የተያዘችው አከርካሪ እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ፍሬው ከፍሬው ተያይዞ፣ ከአንገት እስከ ጅራት ቀጥ ብሎ ሄዷል። እንዲህ ያለ ውብ ነገር በሰው ላይ አይቼ አላውቅም፤ የኛን ወገብ ሥራ አበላሽቶታል። የሌላዋ አከርካሪም እስከ መሐል ድረስ እንደዚያው ቀጥ ብሎ መጣና ድንገት ተቋረጠ። ሁለት አጥንቶች ከመስመር ወጥተው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል፤ ሦስተኛው ተጨፍልቋል። የእትዬ አንጓች ጣት «ጠለቅ ይልብኛል» ያለበት ቦታ ነው፤ በጥፍር ስፋት እንኳ አልሳተም።

እኔም ያን ስብራት አውቀው ነበር። ከዓመታት በፊት ግንብ ሲሠራ የኤሌክትሪክ ገመድ የነካ ሰው አምጥተውልኝ ነበር። ከፍታ ላይ አልነበረም፤ አልወደቀም፤ ማንም አልመታውም። ቆሞ ነው የያዘው። ግን የጀርባ አጥንቱ ተጨፍልቆ ነበር። ሐኪሙን ምን ሰበረው ብዬ ስጠይቀው «የራሱ ጡንቻ» አለኝ። ኤሌክትሪክ ሲገባ ሰውነት ውስጥ ያለው ጡንቻ ሁሉ ባንዴ ይኮማተርና አጥንቱን መሐል አስገብቶ ይሰብረዋል። ጡንቻው የጠነከረ ይበልጥ ይሰበራል። ትልልቆቹ ዓሦች ላይ ደሙ የበዛው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ጉልበታቸው ነው የሰበራቸው።

ይኸ የኛ ሐይቅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰሜኑ ዓለም ሰፊ ባሕር ላይ ትልልቅ መርከቦች መረባቸው ላይ ኤሌክትሪክ አስረው፣ አሸዋ ውስጥ የሚደበቀውን ጠፍጣፋ ዓሣ እያስበረገጉ ሲያጠምዱ እንደነበር አንብቤ ነበር። ነዳጅ ይቆጥባል፣ የባሕሩን ወለል እንደ ማረሻ አይገለብጥም ብለው ያመሰገኑት አሉ፤ ሐሰትም አልነበረም። ግን ከዚያው መረብ ውስጥ ሌላ ዘር ዓሣ፣ ትልቁና ጡንቻማው፣ አከርካሪው ተሰብሮ፣ አጥንቱ ዙሪያ ደም ቋጥሮ ይወጣ ጀመር። የተጎዳው ጥቂት ነው፣ ብዙ ነው፣ ብለው ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ አጥማጆቹም ተጣሉ፤ የከለከሉም አገሮች አሉ። እኔ ያን ሳነብ አንድ ነገር ነው የከነከነኝ። የሚቆጠረው መረብ ውስጥ የገባው ነው። በዚያ በሚነዝር ውኃ ውስጥ አልፎ፣ መረቡን አምልጦ፣ ወገቡን ይዞ ወደ ጥልቁ የሄደውን ማን ራጅ አነሣው? የተያዘውስ ሥቃዩ አበቃለት። ያመለጠው ነው የሚያሳዝነኝ።

«ኤሌክትሪክ ነው፣ እትዬ» አልኋቸው። «አንድ ሰው ውኃው ውስጥ ኤሌክትሪክ እየለቀቀ ነው።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እጃቸው ነፃ ወጣ እኮ! እሳቸው ግን በሽተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ።

«የመኪና ባትሪ ይበቃል ለዚህ?» አሉ።

«ኃይሉን ከፍ ከሚያደርገው ከነኢንቨርተሩ ከሆነ ይበቃል።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ ዘንዶው የሚውጠው ጎርጓሪውን መሆኑን አላስተዋልሁም ነበር።

ስሙን እንደሳቸው ለውጬ ይርጋ የምለው የጡት ልጅ አላቸው። እናቱ ወልዳው ታማ ወተት ሲነጥፍባት፣ እትዬ አንጓች የራሳቸውን ሕፃን በአንድ ጡት፣ ይርጋን በሌላው አጥብተው አሳድገውታል። አሁን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ዘንዘልማ በኩል ቤት ሠርቷል፤ መብራት ግን ገና አልገባለትም። ሰኔ ላይ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ገዝቶ አሳይቷቸው ለቤቱ መብራት ነው ቢላቸው መርቀውታል።

«በሐምሌ ልጆቹን ልጠይቅ ስሄድ በሻማ ተቀምጠው አገኘኋቸው» አሉኝ። «ባትሪውስ ብዬ ብጠይቀው፣ አልሞላም አለኝ። እኔም አመንሁት።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ነገ ያን ፎቶ ይዘህ ባሕሩ ዳር ና። እኔ ብነግረው ወሬ ይመስለዋል፤ አንተ አስረዳው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ይርጋን ጀልባውን ሲያስር አገኘነው። ረዥም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። እትዬ አንጓች ወደ ጀልባው ጎንበስ ብለው በሸራ የተሸፈነውን ነገር ገለጥ አደረጉት። ባትሪው እዚያው ነበር። ይርጋ ፈገግታው ጠፋ።

እኔ ፎቶውን አውጥቼ እንደ በሽተኛ ቤተሰብ አስረዳሁት። እዚህ ጋ ጤነኛ ነው፤ እዚህ ጋ ተሰብሯል፤ ዕንቁላል ይዛለች። ሲሰማኝ ቆየና፦

«እማ፣ ዓሣው እኮ አይሞትም» አለ። «ይደነግጣል እንጂ። የደነገጠውን እንለቅማለን፤ የቀረው ተነሥቶ ይሄዳል።»

«በምን ወገቡ?» አሉ እትዬ አንጓች።

«አባቶቻችንስ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ እየበተኑ ያሰክሩት አልነበረም? እነሱን ማን ፎቶ አነሣቸው? መረብ ግዛ ትይኛለሽ፤ መረቡን እምቦጭ በላው። እምቦጩን ስጎትት ስንት መረብ ተቀደደብኝ! ዓሣውም እንደ ድሮው የለም።»

ስለ ብርብራው እውነቱን ነው። አባቶቻችን ሁሉ ለዓሣ ይራሩ ነበር ብለን እንዳንታበይ የብርብራው ዛፍ እስከ ዛሬ በየወንዙ ዳር ቆሞ ይመሰክርብናል። ስለ እምቦጩም እውነቱን ነው። እኔ ግን የተማረ ሰው አመል አለብኝና «የጠፋውማ እንዲህ እየተያዘ ነው» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ይርጋ ዞሮ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ዓሣ ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«በምን ተያዘ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

አልጠየቅሁም። ሳህኑ ላይ ሎሚ አለ ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው።

እትዬ አንጓች ያን ጊዜ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ የማኅበሩ ኃላፊ ያላቸውን ነገሩት። ሥጋው ከሆቴል መመለሱን፣ እጅዎ አርጅቷል መባላቸውን፣ የፍልሰታ ፍቺ ቀነ ቀጠሮ መሆኑን። ይርጋ አላወቀም ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«አንቺን? በእኔ ዓሣ?» አለ። «አሁኑኑ ሄጄ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«ተቀመጥ» አሉት።

«ምን ተቀመጥ አለው? እጅሽን እያሙት!»

«ተቀመጥ አልሁህ። ከማኅበሩ ያስወጡሃል። ጀልባህን ይወስዱታል። ይኸ ደግሞ በክልክል ወር፣ በክልክል ነገር ነው፤ መታሰርም አለበት። ሦስቱን ልጆች ማን ያበላቸዋል? እኔ እንደሆንሁ ነገም ባይሆን ከነገ ወዲያ ከዚያ ጠረጴዛ መውረዴ አይቀርም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ብቻ ባጠባሁህ ጡት! ዳግመኛ በዚህ ነገር ከወጣህ ያጠባሁህ ጡት ይፍረድብህ።»

እዚህ አገር የተወለደ ሰው ይኸ ቃል ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ከቄስ ግዝት በታች ነው ወይስ በላይ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ይርጋ ግን ወደ ጀልባው ጎንበስ አለ። እያለቀሰ ባትሪውን ታቅፎ ወደ ውኃው ዞረ።

«ምን ልታደርግ ነው?» ጮኹበት እትዬ አንጓች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ደግሞ እሱን ባሕሩ ውስጥ ልትጨምርበት? ይዘኸው ቤትህ ሂድና ለልጆችህ አብራበት!»

ከዚያ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሄድን። እኔ ፎቶውን በፖስታ አድርጌ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ በሩ ድረስ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ ነበር። ስም ሳይጠሩ ፎቶውን ብቻ ቢያሳዩስ? ጠየቅኋቸውም። «ፎቶውን ካዩ ማን ነው ይላሉ። ማን ነው ካሉ ደግሞ ይጎረጉራሉ፤ ያገኙታል» አሉኝና ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ ገቡ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣላቸው።

«ልክ ነህ ልጄ፤ እጄ ደክሟል» አሉት።

ቢላዋቸውን ጠረጴዛው ላይ ባለው ውኃ አጠቡ፤ በጨርቅ ጠርገው አደረቁ፤ ከጎናቸው ላለች ወጣት ሴት እጀታውን ወደ እሷ አዙረው ሰጧት። ወጣቶቹ ሁሉ እያለቀሱ ጉልበታቸውን ሳሙ። ኃላፊውም ሳመ። እኔ እዚያው፣ እውነቱን ብብቴ ሥር ይዤ፣ እንደ ሞኝ ቆምሁ። ሕይወቴን ሙሉ ለሰው ፎቶ ሳሳይ ኖሬ፣ የሚጠቅመውን አንዱን ቀን ደበቅሁት።

ፍልሰታ ተፈታ፤ ዘመን ተለወጠ። ጥቅምት መግቢያ ላይ የማኅበሩ ኃላፊ አልለቅ ያለ ሳል ይዞት ደረቱን ሊነሣ ክሊኒክ መጣ። ከሠሌዳው ፊት አቁሜው ትከሻውን ሳስተካክልለት ወሬ ጀመረ።

«እኒያ ጎረቤትህ፣ እትዬ አንጓች፣ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ያሳዝናሉ፤ ደግ ሴት ነበሩ። ግን ምን ታደርገዋለህ፣ እሳቸው ከወጡ ጀምሮ አንዲት ደም ያለባት ሥጋ አልታየችም። ሆቴሉም ተመለሰልን። እጃቸው ነበር በቃ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?»

«አየር ይሳቡና ትንፋሽዎን ይያዙ» አልሁት።

እሱ ያዘ። እኔም ያዝሁ። መኪናው ጢጥ ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንደያዝን ቆየን። የኔ ግን ከዚያም በኋላ ቶሎ አልወጣ አለኝ። ለእትዬ አንጓች ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እሳቸውን ላጸዳ ይርጋን ማቆሸሽ አለብኝ፤ ያውም ቃሉን የጠበቀውን ይርጋ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ አነስተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ክሩ ከእንዝርቱ ላይ ሲወጣ ቀጭን፣ እኩል፣ አንድም ቦታ ያላበጠ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ኃላፊው ያለውን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ተናድጄ ነበር፤ እንዲናደዱም ፈልጌ ነበር።

«አንዲትም ደም የለባትም አለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንዲትም።»

«ትልልቆቹም ላይ?»

«ትልልቆቹም ላይ የለም አለኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ላይ የመጣው ነገር ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ለመለየት ቸገረኝ። መፍተላቸውን ቀጠሉ።

«ይርጋ ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው» አሉ። «እሱ ቢያፈርስ ኖሮ እኔ ከወጣሁ በኋላም ደሙ ይታይ ነበር፤ እጄ እንዳልሆነም ያውቁ ነበር። ስሜ የሚመለሰው እሱ ያፈረሰ ዕለት ነው። እስኪ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ፤ እኔ ስጸልይ የትኛውን ልለምን?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር? እኔ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሲቀርብልኝ ሥጋውን በሹካ ገለጥ አድርጌ አከርካሪው የነበረበትን ቦታ አያለሁ። እስካሁን ንጹሕ ነው።